ውሃ የነካ እጅ

እትዬ ነጎድጓድ ካረፈች ወዲህ በልብስ እጥበት ግቢው ሥራ መቼ እንደሚጀመር የሚያውቅ ጎረቤት የለም። ድሮ ሰዓት ማየት አያስፈልግም ነበር። ገና በሩን ስትከፍት፣ «ሳፋውን ሳትደፋ የሄደችው ማናት? ውሃ ያደረበት ሳፋ ይዝጋል ስል አልሰማችሁም?» ብላ የምትለቀው ድምፅ መንገድ ተሻግሮ ዳቦ ቤት ይገባል። ዳቦ ጋጋሪውም «ነጎድጓድ ገባች፤ ዳቦውን አውጡ!» ይላል። ስሙን ያወጣላት እሱ ነው። እሷም አልጠላችውም። «ድሃ ካልጮኸ ማን ይሰማዋል?» ትል ነበር።

መጮህ የተማረችው ሥራ ላይ ነው። በወጣትነቷ እንደ ጓደኞቿ ከቤት ቤት እየዞረች ታጥብ ነበር። ሥራ የሚያገኝላቸው አንድ ደላላ ነው። እነሱ ጎንበስ ብለው ሲያሹ እሱ ጥላ ሥር ወንበር ስቦ ጋዜጣ ያገላብጣል፤ ሲመሽ ከሚከፈላቸው እኩሌታውን ይቆርጣል። አንዷ ከታመመች በነጋታው ሌላ ይተካባታል። አንድ ጠዋት ወልዳ ገና ወገቧ ያልጠና ጓደኛቸውን ሳፋ ሥር ተንበርክካ አገኘቻት።

«አንቺ፣ አራስ አይደለሽም እንዴ?»

«ቦታዬን እንዳይሰጥብኝ ብዬ ነው እህቴ።»

ደላላው ውሃ ሊጠጣ ብድግ ሲል ነጎድጓድ ወንበሩን አንስታ ሳፋው አጠገብ አስቀመጠችለት። «ጌታው፣ እስኪ እጅዎን ውሃ ያስነኩ። ከዚያ እኩሌታውን በደስታ ይውሰዱ።» ሰውዬው በሳቅ ሊያልፈው ሞከረ። ሴቶቹ ግን አልሳቁም።

ሴቶቹ ደላላውን ትተው ያቋቋሙት ማኅበር የተወለደው ከዚያ ወንበር ነው። ለየብቻ ሲያንኳኩ ዘበኛ የሚመልሳቸው ሆስፒታል፣ በማኅበር ሆነው ሲመጡ አስቀምጦ አነጋገራቸው፤ አንሶላውንም ሁሉ እንዲያጥቡ ሰጣቸው። ይህን የሰማ ደላላ «አማካሪ ልሁናችሁ» ብሎ ሽማግሌ ላከ። የማኅበሩ የመጀመሪያ ደንብ የወጣው ያን ለት ሲሆን፣ ያወጣችውም ነጎድጓድ ናት፦ «እጇን ውሃ ያላስነካች ለድርሻ እጇን አትዘርጋ።» ማንበብ የማይችሉም በቃል እንዲይዙት አሳጥራ ነው ያወጣችው።

ደንቡ ግን ብዙም ሳይቆይ ያልታሰበ ሰው ላይ አረፈ። በሁለት ክራንች የምትሄድ ወጣት ሥራ ልትጠይቅ መጣች። ጎንበስ ብላ ማጠብ አትችልም፤ ተቀምጣ መተኮስ ግን ማንም አይደርስባትም። ሴቶቹ ወደዷት። ቢሆንም አንዷ፣ «ደንብ ደንብ ነው። ዛሬ ለእሷ ካለፍን ነገ ደላላው ካውያ ይዞ ይመጣል» አለች። እውነቷን ነው። ልጅቷም ክራንቿን ሰብስባ ልትነሳ ስትል፣ ነጎድጓድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ሞልታ አመጣችና መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ቋ አደረገችው።

«ደረቅ አንሶላ ውሃ ሳይረጭ ይተኮሳል?»

«አይተኮስም» አለች ልጅቷ።

«በምንሽ ነው የምትረጪው?»

«በጣቴ።»

«ሰማችሁ? ውሃ ነክታለች። በሉ ወደ ሥራ!»

ልጅቷ ከዚያ ወዲያ «ተኳሿ» ተባለች። «ጠመንጃ የሌላት ተኳሽ» ብለው ሲቀልዱባት «ለእናንተ ካውያዬ ይበቃል» ትላቸዋለች።

ዓመታት አለፉ። የነጎድጓድ ድምፅ እንዳለ ነው፤ እጇን ግን በረኪና በላው። ጣቶቿ እንደ ክረምት ግድግዳ ይሰነጠቁ ጀመር። ሐኪሙ ቅባት ሰጥቷት፣ «እናቴ፣ ከእንግዲህ ሳሙናና በረኪና እንዳይነኩ፤ ጣቶችዎን ያጣሉ» አላት። ቅባቱን ጉያዋ ከታ ወጣችና በነጋታው ሳፋዋ ላይ ተገኘች። ለማንም አልተነፈሰችም። ቤት ውስጥ ሟች እህቷ አደራ ያለቻት ልጅ ገና ትምህርት አልጨረሰችም። ከዚያም የባሰው ደንቡ ነው፤ ከሳፋው ከተነሳች በገዛ አፏ ካወጣችው ደንብ ውጭ መሆኗ ነው።

የሆስፒታል አንሶላ መቼም ደም አያጣውም። አንድ ሰሞን ግን ታጥቦ የተሰጣ አንሶላ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ይታይ ጀመር። በደንብ አልታሸም ተባለና ወደ ሳፋ ተመለሰ። «ወዲህ በሉት፣ እኔ አሳየዋለሁ!» ብላ ነጎድጓድ ራሷ አሸችው። ነጠብጣቡ ባሰበት። ሴቶቹ በሳሙናው ተነሱበት። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ሱቅ ድረስ ሄዳ ባለሱቁን ስትወጥረው ዋለች፤ ምስኪኑ ሰውም ነገር ፈርቶ አዲስ ካርቶን ተካላቸው። «ሌባ!» እያለች ከሁሉም በላይ የጮኸችው ነጎድጓድ ነበረች። በአዲሱም ሳሙና ነጠብጣቡ አልቀረም።

ያወቀችው ተኳሿ ናት። ደም አንዴ ካውያ ከነካው አይለቅምና አንሶላውን ሁሉ በብርሃን እየዘረጋች ነው የምትተኩሰው። የታማሚ ደም መሃል ላይ ነው የሚሆነው፤ ይህኛው ግን አጣቢ ጨብጣ የምትጨምቅበት ጠርዝ ላይ ነበር። ለምሳ ሲያርፉ በክራንቿ እየተራመደች ነጎድጓድ ወደተቀመጠችበት ማስጫ ገመድ ሥር መጣች።

«እትዬ፣ እስኪ እጅሽን አሳዪኝ።»

«ምነው፣ ቀለበት ልታጠልቂልኝ ነው?»

«አሳዪኝ አልኩሽ።»

ነጎድጓድ እጇን ሽርጧ ሥር ደበቀች። መልስም አልሰጠች። ግቢው ውስጥ እንዲህ ያለ ዝምታ ተሰምቶ ስለማያውቅ ሴቶቹ ምሳቸውን ትተው መጡ። እጇን ከሽርጧ ሥር ስበው ሲያዩ፣ ሐኪም እንደከለከላትም ሲያወጣጧት አንዷ አለቀሰች። ገንዘብ ያዧ፣ «እትዬ፣ በይ ከዛሬ ጀምሮ አርፈሽ ተቀመጪ። ድርሻሽ እንደሆነ አይነካም» አለቻት።

ይኼኔ ሰማዩ ተቀደደ።

«ደረቅ እጅ ይዤ? ያን ደላላ ያባረርኩት ወንበሩን ልወርስ ነው? ለእኔ ሲሆን የሚታጠፍ ከሆነ እሱ አንሶላ እንጂ ደንብ አይደለም!»

ሽርጧን ፈታ አጠፈችና ሳፋዋ ላይ አስቀምጣ ወደ በሩ አመራች። ማንም ሊይዛት አልደፈረም። ተኳሿ ሮጣ አትደርስባት ነገር፣ ክራንቿን አንስታ የቆርቆሮውን ሳፋ ጓ! አደረገችው።

«ደረቅ አንሶላ ውሃ ሳይረጭ ይተኮሳል?»

ነጎድጓድ ቆመች። ዞር ግን አላለችም።

«አይተኮስም» አለች ቀስ ብላ።

«ሐኪሙ የከለከለሽ ምን ምን ነው?»

«ሳሙናና በረኪና።»

«ሳህኔ ውስጥ ያለውስ?»

«ውሃ ነዋ! የማላውቀው መሰለሽ?»

«እንግዲያው ነይ። ሆስፒታሉ ሌላ ሕንፃ ከጨመረ ወዲህ አንሶላው ከእኔ ቁመት በላይ እየተከመረ፣ በአንድ እጄ ስረጭ በአንድ እጄ ስተኩስ እያየሽ ታልፊያለሽ። ረዳት ስጡኝ ብዬ ስንቴ ጠየቅኩ?»

እውነት ነው፤ ጠይቃለች። «ስንፍና ነው» ብላ የመለሰቻት ደግሞ ራሷ ነጎድጓድ ናት። ተመልሳ መጣችና ሽርጧን እያጉረመረመች አነሳች። «ባለሱቁንም ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ምስኪን ሰው፣ ሌባ አልኩት» እያለች ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች። ጣቶቿን ሳህኑ ውስጥ የሕፃን ገላ እንደምታጥብ ቀስ አድርጋ ነከረች። ቀስ ማለቷ እዚያ ላይ አበቃ፤ ክንዷ ከባድ ብርድ ልብስ መጭመቅ እንጂ መርጨት አያውቅም። ውሃው አንሶላውን አራሰ፣ ካውያውን ጭስስ አሰኘ፣ የተኳሿን ፊት አጠበ።

«እትዬ! ነጎድጓድ ስንልሽ ዝናቡንም ይዘሽ መጣሽ?»

ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ምን ያስቃችኋል? ሥራ ይዘናል እኮ! አንቺም ዝም ብለሽ ተኩሺ!»

ከመንገዱ ማዶ ዳቦ ጋጋሪው አካፋውን እንደያዘ ብቅ አለ።

«ነጎድጓድ ገና አሁን መግባቷ ነው እንዴ?»