ከሁለት ሬሳ የተሠራ ኮምፒውተር

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ለዓመታት ከሠራሁበት የጽሕፈት ቤት የወጣሁት በሩን ጓ አድርጌ ነው። አሠሪዬ ደንበኛ ፊት፣ "አንቺ እኮ የእኔን ኮምፒውተር ባታገኚ ኖሮ ገጠር ኩበት ትጠፈጥፊ ነበር" አለችኝ። ኩበት መጠፍጠፍ ምን ነውር አለው? እናቴ ኩበት ጠፍጥፋ ነው ያሳደገችኝ። ይህንኑ ነገርኋት፣ ሌላም ሌላም ጨመርሁላት፣ ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ። ከኋላዬ፣ "ትመለሻለሽ! ደጄን ጠንተሽ ትመለሻለሽ!" ስትል መንገደኛው ሁሉ ሰማ።

በእኛ ከተማ ደግሞ ሰው ጆሮ የገባ ነገር ቶሎ አይወጣም። ወይ የራሴን ጽሕፈት ቤት እከፍታለሁ፣ ወይ አንገቴን ደፍቼ ወደ እሷ እመለሳለሁ፤ ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ጊዜው በየስብሰባው "ሥራ ፍጠሩ" የሚባልበት፣ ሞባይል ገና ወደ ገጠር በቅጡ ያልወረደበት ነው። መነኻሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ስክሪንና ፕሪንተር ከአክስቴ ልጅ ተዋስሁ። የጠፋው ዋናው ኮምፒውተሩ ነበር፤ አዲስ መግዛት ለእኔ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ቡሬ ላይ ሬዲዮና ባትሪ የሚሸጥ፣ የተበላሸም የሚጠግን ነጋዴ ነበረ። አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲዘጋ በጨረታ ካነሣው ኮተት ውስጥ ሁለት ግዙፍ ኮምፒውተሮች እንዳሉ ስሰማ በማግስቱ ከተፍ አልሁ። መሐንዲሶች ድልድይ ሲሥሉባቸው የነበሩ ናቸው፤ ወርክስቴሽን ይሏቸዋል።

"ይሠራሉ?" አልሁት።

"ወላሂ አይሠሩም።"

ለእውነቱ ስል ወደድሁት። አንዱን ገልባጭ መኪና ወደ ኋላ ሲል ጨፍልቆታል፤ ሁለተኛው ውስጥ አይጥ ወልዳበታለች። እንባዬ ሊመጣ ሲል አየኝና ሳቀ። "እታለም፣ ከሁለት ሬሳ አንድ ደኅና ሰው አይወጣም ያለሽ ማነው? ይልቅ መፍቻውን አቀብይኝ።"

እሱ የሽቦን ጠባይ ያውቃል፣ እኔ የኮምፒውተርን ሕመም አውቃለሁ። የአሠሪዬ ማሽኖች ሲታመሙ ስከፍት፣ ስጠርግ፣ ስገጥም የኖርሁት እኔ ነኛ! ከሱቁ ጓሮ ጆንያ አንጥፈን ሁለቱንም ዘረገፍናቸው። መኪና የረገጠው ሣጥኑና መብራት ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላዩ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፈዋል፤ ዋናው ሰሌዳ ግን፣ ያ ሁሉ ጥቃቅን ዕቃ የተተከለበት፣ ጭረት አልነካውም። ስለዚህ ከባሕር ዳር አዲስ ፓወር ሰፕላይ አስመጣሁ። ሶኬቱ ቁርጥ የድሮውን ይመስላል፤ ሊሰኩት ሲሉ ግን ጥርሱ አይገጥምም። በግድ ልገፋው ስል ነጋዴው እጄን ቀብ አደረገ። "ተይ! ይነድብሻል!"

የሠራው ፋብሪካ፣ እግዜር ይይለት፣ ከእኔ በቀር ከማንም እንዳትገዙ ብሎ የማለ ይመስላል። ሶኬቱ የራሱ፣ ብሎኑ የራሱ፣ ማራገቢያው እንኳ የራሱ። ስሳደብ ስሳደብ ዋልሁ። ነጋዴው ግን የአይጧን ቤት ሲጎረጉር ቆየና የዚያን ማሽን ፓወር ሰፕላይ መዞ አወጣው። ብረት ለበስ ስለሆነ ጥርሷ አልገባበትም። ሰካነው፤ ልክክ አለ። እልል ብዬ ጎረቤቱን ሰበሰብሁ።

ማብሪያው ቁልፍ ከሣጥኑ ጋር ስለተጨፈለቀ የበር መጥሪያ ደወል ቁልፍ ቀጠልንለት። ስንጫነው ስክሪኑ በራ። ከዚያ ቀጥ። "የፊት ማራገቢያዬን አጣሁ" የሚል በእንግሊዝኛ ጻፈና አልንቀሳቀስም አለ። ተራ ማራገቢያ ሰጠነው፤ ይነፍስለታል፣ ግን የራሱ ስላልሆነ አያምነውም። በመጨረሻ ኤፍ ዋን የሚባለውን ቁልፍ ሲጫኑት ብቻ እያጉረመረመ እንደሚያልፍ ደረስንበት። "ሁልጊዜ እንዲህ ሊያደርገኝ ነው?" ብዬ ተናደድሁ።

"የጎጃም ሽማግሌ ነዋ!" አለኝ ነጋዴው። "እጅ ካልነሡት ነገሩን አይጀምርም።"

አሁን የቀረው ቤቱ ነበር። የአይጧን ሣጥን ጠርገን ሰሌዳውን ልናስገባው ብንል የብሎኑ ቀዳዳ አልገጥም አለ፤ ወንድማማቾች ሆነው የአንዱ እግር በሌላው ጫማ አልገባም። ያኔ ነው አባቴ ትዝ ያሉኝ። አባቴ ከጅጋ ወጣ ብሎ ባለው ገጠር የሚኖሩ ቀፎ ሠሪ ናቸው፤ የሣንቃውንም የጭቃውንም ይሠራሉ። የሰው ቀፎ ይሠራሉ እንጂ የራሳቸው ግን ባዶ ነበር። በአካባቢው የአረም መድኃኒት መረጨት ከጀመረ ወዲህ ንቦቻቸው እየሳሱ ሄደው፣ የመጨረሻው መንጋ አንድ ቀን ብድግ ብሎ ጠፋ። ስለዚህ ነገር አይናገሩም፤ እኛም አናነሣባቸውም።

"አባየ፣ ለኮምፒውተሬ የእንጨት ቤት ይሥሩልኝ" አልኋቸው።

"ይተነፍሳል?"

"አዎ፣ ይሞቀዋል። ነፋስ መግቢያና መውጫ ይፈልጋል።"

"ዝናብስ ያገኘዋል?"

"ቤት ውስጥ ነው የሚቀመጠው።"

ይዤላቸው የሄድሁትን ሰሌዳ በስንዝራቸው ለኩ። ከዚያ እኔን ሳያዩ፣ "እሰይ፣ ይህስ ባዶውን አይቀመጥም" አሉ።

ሣጥኑ ሲመጣ ከዋንዛ የተሠራ፣ ክዳኑ የሚነሣ፣ ፊት ለፊቱ ከታች በኩል ቀጭን ስንጥቅ ያለው ነው። ሽታው ደግሞ ልብ ያውዳል። ነጋዴው ዕቃውን ሊገጥምልኝ ከቡሬ መጥቶ ሲያየው፣ "ይህ ኮምፒውተር ነው ቀፎ?" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ተቆጣሁ። አባቴ የሠሩትን ማንም እንዲስቅበት አልፈልግም። ግን ሥራው ሥራ ነው፤ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘና ጽሕፈት ቤቴ ተከፈተ።

ሰው መጀመሪያ የመጣው ሊያይ ነው። ደወል ሲጫኑት የሚነሣ የእንጨት ኮምፒውተር! እያየ ግን ማመልከቻውንም አስጻፈ። ከዚያ ከሰከላ ከግሽ ዓባይ በኩል አንድ መምህር መጣ። ክረምት ክረምት እየተማረ ዲግሪውን ሊጨርስ የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ቀርቶታል። በእጅ የተጻፈ ትልቅ ጥራዝ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ሰኞ ለኮሌጁ ካላስረከበ ዓመት ይቃጠልበታል። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ ነው፤ ይህን ካበላሸሁ በአውራጃው መምህር ሁሉ ዘንድ አለቀልኝ ማለት ነው። ወገቤ እስኪቆረጥ፣ በየገጹ ማሽኑ ውስጥ እያስቀመጥሁ ጻፍሁ። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ።

መስከረም ነው፤ ሜዳው አደይ አበባ ለብሷል። አንድ ቀን ጠበቅሁ፣ ሁለተኛ ቀን ጠበቅሁ። ክፍሏ እርጥበት ስላላት መስኮቷን ገርበብ አድርጌ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ቅዳሜ ጧት መብራት መጣ ሲሉ እየሮጥሁ ሄጄ በሩን ስከፍት ማሽኑ ይሠራል! ማራገቢያው ሲያጉረመርም በደንብ ይሰማኛል። ማን አበራው? ደግሞ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ጠጋ ስል አንድ ነገር በጆሮዬ ሥር ውልብ ብሎ አለፈና በዚያች ቀጭን ስንጥቅ ገባ። ሌላ ተከተለው። ሌላ። ሌላ። ጉድ ፈላ! ኮምፒውተሬ ውስጥ የንብ መንጋ ገብቷል።

ጩኸቴ መነኻሪያውን አናወጠው። ሰው ተሰበሰበ። አንዷ ሴትዮ፣ "ንብ በፈቃዱ ሲገባ ሲሳይ ነው፤ አይባረርም" ትላለች። መምህሩም ደረሰ፤ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ቅጂ አለሽ ወይ አለኝ። የምን ቅጂ! ፍላሽ ዲስክ ለመግዛት የእሱን ሥራ ማለቅ እየጠበቅሁ ነበር። እግሩ የመራው ሱቅ ገብቶ የተባይ መርጫ ፍሊት ይዞ ተመለሰና እጄ ላይ አኖረው። "እህቴ፣ በእመቤታችን ይዤሻለሁ፣ ንፊባቸው።"

ይባስ ብሎ የቀድሞ አሠሪዬ ከሕዝቡ መሐል ብቅ አለች። "መምህር፣ እኔ ጋ ይምጡ። የእኔ ማሽን ማር አይሰጥም እንጂ ጽሑፍ ይሰጣል" አለች፤ ሰው ሳቀ። ደሜ ፈላ። ፍሊቱ እጄ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ብነፋ ሁሉም ያልቃል፣ መምህሩም ይድናል፣ እኔም እድናለሁ። ጣቴን ማብሪያው ደወል ላይ እንደማደርገው ፍሊቱ ላይ አደረግሁ። ግን እዚያ ጅጋ ባዶ ቀፎ ሥር የሚኖሩ ሰውዬ አሉ። አልቻልሁም። እንዴት አድርጌ ልችል?

ፍሊቱን መለስሁለት። "መምህር፣ እስከ ማታ ይታገሡኝ። ማሽኑ ካልተነሣ እኔው ራሴ እዚህች ሴትዮ ደጅ ወድቄ፣ በእሷ ማሽን እንደገና እጽፍልዎታለሁ" አልሁት። አሠሪዬ እጇን አጣጥፋ፣ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ብላ ሄደች። ጅጋ ስልክ ያለው ባለሱቅ ጋ ደወልሁ። "አባቴን ጥሩልኝ። መንጋ ገብቷል በሏቸው።"

አባቴ በከሰዓቱ መኪና ባዶ የጭቃ ቀፎ ተሸክመው ደረሱ። ረዳቱ አላሳፍርም ብሏቸው ተጣልተው ነው የመጡት። መምህሩን ሰላም አላሉም፣ እኔንም አላዩኝም። ሣጥኑ አጠገብ በርከክ ብለው ጆሯቸውን ለጠፉበት። ከዚያ እየሳቁ፣ "ወይ ጉድ! እጄ እኮ ነው ያጠፋው። ለምዶበት ውስጡን ሰምና ቅጠል አሸው፤ መንጋ የምንጠራበትን። ትዝም አላለኝ!" አሉ። ለካ ያ ደስ የሚል ሽታ ይኸ ነው።

"አባባ፣ አሁን አይወጡም?" ይላል መምህሩ እየተንቆራጠጠ።

"የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፣ ልጄ። ፀሐይ ትግባ፣ የወጡትም ይግቡ።"

ሲመሽ የኩበት ጢስ በትንሹ ለኮሱ። ለማሽኑ ፈርቼ አፌን ስከፍት፣ "ዝም በይ አንቺ" አሉኝ። ክዳኑን አነሡ። ንቦቹ ከፓወር ሰፕላዩ ሥር ተንጠልጥለዋል፤ አልፎ ተርፎ ነጭ የማር እንጀራ ጀምረው ከሣጥኑ ግድግዳ ጋር አጣብቀውታል። አባቴ ባዶ እጃቸውን ሰደው ሲፈልጉ ቆዩ፣ አውራዋን በሁለት ጣታቸው ለቀም አድርገው ወደ ቀፎው አስገቧት። ከዚያ መንጋው ሁሉ እሷን ተከትሎ ፈሰሰ፤ የቀሩትን በዶሮ ላባ እየጠረጉ አስገቧቸው። የቀፎውን አፍ በጨርቅ አሰሩና፣ ራት ብሉ ብላቸው እምቢ ብለው፣ ወደ ጅጋ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ቀፎውን እንዳቀፉ ወጡ።

ሰምና ክንፍ ስለቅም መምህሩ መብራት ይዞልኛል። ደወሉን ተጫንሁ። ስክሪኑ በራ፣ ማራገቢያዬን አጣሁ አለ፤ በሕይወቴ ስሞታ እንዲህ አስደስቶኝ አያውቅም። ኤፍ ዋንን ነካሁት፤ ጽሑፉ አንድም ፊደል ሳይጎድለው ወጣ። መምህሩ ግንባሬን ሳመኝ። እሑድ ጨረስሁለት፤ ሰኞ አስረከበ። ሰው ከዚያ ወዲያ ጽሕፈት ቤቴን "ማር ቤት" ይለው ጀመር፣ እኔም ማስታወቂያ ሳላወጣ ወረፋ በረከተልኝ። የአሠሪዬን ደጅ አልረገጥሁም።

ሳምንት ካለፈ በኋላ አንድ የአባቴ ሰፈር ገበሬ ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጡ። ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ዱላቸውን ከግድግዳው አስደግፈው፣ "አባትሽ ልከውኛል። 'ረግተዋል በላት' ብለውኛል" አሉኝ።

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። እኔም ሌላስ ብያቸው ነበር። ጎሕ ሲቀድ በርጩማቸውን ይዘው ቀፎው ሥር ይቀመጣሉ፤ ቁርስ ብሉ ቢሏቸውም አይሰሙም።"

እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሣሁና በነጠላዬ ዐይኔን ሸፈንሁ፤ ደንበኞቼ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ሁሉም ብድግ አሉ።