ሀረጎ ላይ የምትበራ መብራት

ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲያዳምጥ ከኖረ፣ ያልሰማው ነገር የቀረ አይመስለውም። የኮምቦልቻው መካኒክ ሀፊዝ ይመርም እንደዚያ ይመስለው ነበር፤ ደግሞም እስከዚያች ነጭ መኪና ድረስ አልተሳሳተም።

መሣሪያው አንዲት ረጅም ካቻቢቴ ናት። የብረት ጫፏን ከሚሠራ ሞተር ላይ ያሳርፋል፣ የእንጨት እጀታዋን ከጆሮው ያስጠጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ባለመኪናው ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ከዚያ ሀፊዝ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ሦስተኛዋ ካንዴላ ታማለች» ይላል። ሲፈታም ሦስተኛዋ ካንዴላ ታማ ትገኛለች። እንዲህ እያለ ከአርባ ዓመት በላይ ኖሯል። «አልገባኝም» የምትለዋን ቃል ከአፉ የሰማ ሰው ኮምቦልቻ ውስጥ አልነበረም።

ወደ ሙያው የገባው ጨው ሊገዛ ወጥቶ ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ ከገራዶ ወደ ደሴ ተልኮ፣ መንገድ ላይ ተበላሽታ የቆመች አሮጌ የጭነት መኪና አየ። ሾፌሩ፣ «ና እስቲ፣ ይቺን ያዝልኝ» ብሎ አንድ ብሎን አስያዘው። ብሎኑን እንደያዘ መኪናዋ ተነሣች፤ እሱም አብሯት የሀረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ደረሰ። ጨው እናቱ ቤት የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ይዞት የሄደውም ራሱ ሀፊዝ ነው፣ እስከ ክርኑ በቅባት ጠቁሮ።

አንድ ሕግ ነበረው። ወሎ ውስጥ መኪና ባዶውን አይሄድም። አንዱ ተስቢህ ይሰቅላል፣ አንዱ ሥዕል ይለጥፋል፣ አንዱ ሼህ የጻፉለትን ወረቀት ከወንበር ሥር ይሸጉጣል። ሀፊዝ ሰላቱን የማያጓድል ሙስሊም ነው፤ ነገር ግን የሙስሊምም ይሁን የክርስቲያን፣ የሰውን እምነት በቅባት እጅ መንካት ነውር ነው ይላል። ስለዚህ ሥራ ሳይጀምር ባለመኪናውን፣ «መጀመሪያ አደራህን አንሳ» ይለዋል። አደራው ይነሣና ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ከተነጠፈባት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሥራው ሲያልቅ ባለቤቱ በገዛ እጁ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ሕጉ ያማረ ነበር። ያማረን ነገር ደግሞ ማን ይጠረጥራል?

ልጁ ሙና የመኪና ጥገና ተምራ የተመረቀች ናት። የእሷ ካቻቢቴ ስልኳ ነው። ከመሪው ሥር ጣት የምታህል ነገር ትሰካለች፤ መኪናዋ ያመማትን ስልኩ ላይ ትጽፍላታለች።

«አባ፣ አንተ የምትሰማውን እኔ አነበዋለሁ» ትለዋለች።

«የሚነበብማ መጽሐፍ ነው» ይላታል።

ይዋደዳሉ። የሙና ሐሳብ አንድ ቀን ጋራዡን ተረክባ፣ አባቷን ደጃፉ ላይ በጥሩ ወንበር ማስቀመጥ ነው። «ቁጭ ብለህ ትመርቀናለህ» ትለዋለች ከልቧ። ሀፊዝ ሞትን እንደ ማንኛውም ሰው ይፈራል፤ ያቺን ወንበር ግን ከሞትም አብልጦ ይፈራት ነበር።

ነጯን መኪና ያመጣት ወንድምአገኘሁ የሚባል የደሴ ሰው ነው፤ ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ይጠብቃል። ጠዋት ይወርዳል፣ ማታ ይወጣል።

«ጋሽ ሀፊዝ፣ ይቺ መብራት ልታሳብደኝ ነው» አለ፤ ከመሪው ፊት የበራችውን ቢጫዋን የሞተር ምልክት እያሳየ። «ስወርድ ሰላም ነኝ። ሀረጎን ስወጣ፣ አጋማሹ ላይ፣ ብልጭ ትላለች። መኪናዋም ጉልበት ታጣና እንደ አስም በሽተኛ ታለከልካለች።»

ሀፊዝ ኮፈኑን ከፈተ። ከአየር ማጣሪያው አጠገብ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ በክር ተንጠልጥላለች።

«የእናቴ ናት» አለ ወንድምአገኘሁ አፈር ብሎ። «ከኩታበር ያመጣችው ጠበል ነው። መኪናዋን የገዛሁ ጊዜ በእጇ አሰረችልኝ። ሀረጎ ገደል ነው ብላ።»

«ምን ያሳፍርሃል፤ እናት ያለው ሰው ይታሰርለታል። በል አደራህን አንሳ።»

ጠርሙሷ ተፈታችና መደርደሪያዋ ላይ ተቀመጠች። ሀፊዝ ካቻቢቴዋን አሳርፎ አዳመጠ። ሞተሩ እንደ ጠገበች ድመት ያንኮራፋል። ሙና ሰካችና አነበበች፤ «የአየር መለኪያው ሴንሰር ምልክት አልላከም ይላል።» ሀፊዝ ሴንሰሩን አውጥቶ አጸዳ፤ ሶኬቱን በጣቱ ወዘወዘው። «ጥርሱ አርጅቷል፣ ግን ይይዛል» አለ። ሙና መብራቷን በስልኳ አጠፋች። መኪናዋን እየነዱ ኮምቦልቻን ሁለት ጊዜ ዞሩ፤ መብራቷ ድርግም ብላ ቀረች። ወንድምአገኘሁ አመስግኖ፣ ጠርሙሷን ወደ ቦታዋ አስሮ ሄደ።

ማታ ስልክ ጮኸ። «ጋሽ ሀፊዝ፣ በራች።»

በሦስተኛው ቀን ሙና ሌላ ሴንሰር ፈልጋ አመጣች። ጠርሙሷ ተፈታች፣ ሴንሰሩ ተቀየረ፣ መኪናዋ ተሞከረች፣ ጠርሙሷ ታሰረች። ማታ ስልክ ጮኸ።

«በራች አትበለኝ» አለ ሀፊዝ።

«እሺ አልልም» አለ ወንድምአገኘሁ።

ጎረቤቱ ዘይኑልአቢዲን ጎማ ጠጋኝ ነው። ከሥራው ይልቅ ወሬው ይፈጥናል፤ ጠዋት የሰማውን ከቀትር በፊት ባቲ ያደርሳል ይባልለታል።

«ሀፊዝ፣ ይቺ መብራት አንተን ታውቅሃለች» አለው ጎማ ውኃ ውስጥ እየነከረ። «አንተ እስክትርቅ ትጠብቃለች። እንደ አማች ታፍርሃለች።»

«ሥራህን ሥራ።»

«እየሠራሁ ነው። እኔ ቀዳዳዬን አገኛለሁ። አንተ ነህ ያጣኸው። ለምን የጋራዡን ቁልፍ ለሙና አትሰጥም? ወንበሩን እኔ እገዛልሃለሁ።»

ሀፊዝ ካቻቢቴዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። «እስከ ጁምዓ መግሪብ መብራቷን ካላጠፋኋት፣ ወላሂ፣ ቁልፉን ለሙና አስረክባለሁ።»

ሙና ከመኪና ሥር አንገቷን ብቅ አደረገች። ዘይኑልአቢዲንም እጁን ከውኃው አወጣ። ወላሂ ከተባለ በኋላ ቀልድ የለም።

ረቡዕ ዕለት ሀፊዝ ራሱ ሀረጎን ሊወጣ ወሰነ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈትሾ፣ የዛገችውን ጠርጎ፣ ከወንድምአገኘሁ ጎን ተቀመጠ። ሊነሡ ሲሉ ጠርሙሷ መደርደሪያ ላይ መቅረቷ ትዝ አለው። ኮፈኑን ዳግም ከመክፈት ብሎ እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበ፤ በንጹሕ ጨርቅ ይዟት ጉልበቱ ላይ አስቀመጣት። እንደ አራስ ልጅ አቅፏት ሀረጎን ወጣ። መኪናዋን ምንም አላላትም። ደሴ ገቡ፤ መብራቷ የለችም።

«ዝገቱ ነበር» አለ ሀፊዝ። ጠርሙሷን ለወንድምአገኘሁ አስረከበና በሚኒባስ ሲወርድ፣ ከተሳፋሪው ሁሉ ምርቃት የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ሐሙስ ማታ ስልክ ጮኸ። ሀፊዝ አላነሣውም። ሙና አነሣችው፤ አዳመጠች፤ ወደ አባቷ ዞራ፣ «በራች» አለችው።

ጁምዓ ከሰላት መልስ ወንድምአገኘሁ እናቱን ይዞ መጣ። እትዬ ብዙዬ ሰባ አምስት ያለፋቸው፣ ጠይም፣ ከዘራቸውን ለመደገፍ ሳይሆን ለመጠቆም የያዙ ሴት ናቸው።

«አንቱ ነዎት መካኒኩ?» አሉ። «ልጄን ስንት ጊዜ አመላለሱት።»

«አዎ እትዬ። ዛሬ አብሬ እወጣለሁ።»

«ይውጡ። እኔም አለሁ። ብሞትም ከልጄ ጋር ልሙት።»

ሀፊዝ እንደ ልማዱ ጠርሙሷ ትፈታ ሊል ሲል፣ በከዘራቸው ኮፈኑን መታ መታ አደረጉት። «ጠበሉ ካልታሰረ ሀረጎን አልወጣም። ከፈለጉ ብቻዎን ይውጡ።»

ሰዓቱ ሄዷል። ከትልቅ ሰው ጋር ሙግት አይገጠምም። «እንዳለ ይሁን» አለ ሀፊዝ። ሙና ከኋላ ተቀመጠች፣ ስልኳን ይዛ። ዘይኑልአቢዲን ደጃፉ ላይ ቆሞ በጣቱ ፀሐይዋን አሳየው።

አጋማሹ ላይ፣ አቀበቱ በበረታበት መጠምዘዣ፣ መኪናዋ አለከለከች። ቢጫዋ መብራት በራች። ከኋላቸው የነበረ የጭነት መኪና ጥሩምባውን አንባረቀው። ወንድምአገኘሁ ዳር አስያዘ፤ ሙና ወርዳ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ወተፈች።

ሀፊዝ መኪናዋ አቀበቱ ላይ እንደ ተንጋለለች ኮፈኑን ከፈተ።

ጠርሙሷ ወደ ኋላ ተንጠልጥላለች። የታሰረችበት ክር የዞረው በሴንሰሩ ሽቦ ላይ ነው። አቀበቱ ወደ ኋላ ሲያጋድላት፣ የእናቱን ቀሚስ ይዞ እንደሚጎትት ሕፃን ሽቦውን ትጎትተዋለች፤ ጥርሱ ያረጀው ሶኬትም ከሴንሰሩ ወለቅ ብሏል። መኪናዋ ሜዳ ላይ ስትሆን ጠርሙሷ ቀጥ ብላ ትንጠለጠላለች፤ ሶኬቱም ቦታውን ይይዛል።

ሀፊዝ ለረጅም ጊዜ አያት። ጋራዡ ውስጥ ሁለት ጊዜ በሽታውን ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ ጤነኛዋን መኪና መርምሯል። ረቡዕ ዕለት ደግሞ በሽታውን ጉልበቱ ላይ አቅፎ፣ መኪናዋን አዳንኩ ብሎ ነበር። አክብሮትም እንደ ሞራ ነው፤ ዓይን ላይ ሲያድር አያሳምም፣ ብቻ ማየት ይከለክላል። የሙና ማሽንም ማን እንዳለቀሰ እንጂ ማን እንደ ቆነጠጠው አይናገርም። ከጆሮም ከስልክም ያመለጠውን ነገር አንዲት ጠርሙሳቸውን ያልለቀቁ አሮጊት አሳዩት፣ ሳያውቁት።

«ምን አገኙ?» አሉ እትዬ ብዙዬ ከውስጥ።

መልሱ አጭር ነበር። «እርስዎ ያሰሩት ጠርሙስ ነው» ቢል ቁልፉ የእሱ ነው፤ ወንበሩም ቀረለት። ነገር ግን እኒህ እናት ልጃቸው ገደል እንዳይገባ ያሰሩት ነገር፣ በየማታው ልጃቸውን ገደል አፋፍ ላይ ያቆመው መሆኑን ሊሰሙ ነው። ሀፊዝ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«እትዬ፣ ይህን ጠበል እዚህ ያሰረው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ። ከመኪናዋ ልብ አጠገብ።»

«ቦታው አልተመቸውም። ቅባት አለ፣ ጭስ አለ፣ ሙቀት አለ። ጠበል እሳት ላይ ይጣዳል እንዴ?»

እትዬ ብዙዬ አማተቡ። «አፈላሁት?»

«ኧረ አላፈሉትም። ለብ ብሏል።»

«ወይኔ ብዙዬ» አሉ ዝግ ብለው። «በሉ አምጡልኝ። ከእኔ ጋር ይሁን።»

ወንድምአገኘሁ ጠርሙሷን ፈትቶ ሰጣቸው፤ በነጠላቸው ሸፈኗት። ሀፊዝ ሶኬቱን ወደ ቦታው ገፍቶ በቀጭን ሽቦ አጥብቆ አሰረው። ይህን ሁሉ ሙና ከትከሻው ኋላ ሆና እያየች ነበር። ከዚያ መብራቷን በስልኳ አጠፋች።

የቀረውን አቀበት መኪናዋ እንደ ወይፈን ወጣችው። ደሴ ሲገቡ እትዬ ብዙዬ በከዘራቸው ወደ ጠፋችው መብራት ጠቆሙ። «ጠበሉ ተቀይሞ ኖሯል» አሉ። «ቅባት ሸተተውና ተቀየመ። ክብሩን ሲያገኝ ታረቀን።» ከመኪናዋ ሳይወርዱ ለሁለት ጎረቤት ነገሩ።

አባትና ልጅ በሚኒባስ ወረዱ።

«ጠርሙሱ ነበር አይደል፣ አባ?»

«ጠርሙሱ ነበር።»

«ለምን አልነገርካቸውም?»

«ነገርኳቸው እንጂ። ማንሣት ያለባቸውን አነሡ። የቀረውን ቢያውቁት ምን ይጠቅማቸዋል፤ ከእንግዲህ እንቅልፍ ያጣሉ እንጂ።»

ዘይኑልአቢዲን ደጃፉ ላይ ሲጠብቃቸው ደረሱ። ወሬው በስልክ ቀድሟቸዋል።

«ወንድምአገኘሁ ደውሎልኛል፤ ጠበሉ ነው ያጠፋት አለ። አንተስ ምን ትላለህ?»

ሀፊዝ ጎማ ጠጋኙን አየው። ለዚህ ሰው እውነቱን መንገር ለሰኞ ገበያ ማወጅ ነው፤ እትዬ ብዙዬ ጆሮ ለመድረስ ሁለት ቀን አይፈጅበትም።

«እትዬ ብዙዬ ካሉት ሌላ የምለው የለኝም።»

«ታዲያ አንተ አላጠፋሃትም ማለት ነው። ወላሂ ብለሃል፣ ሀፊዝ።»

ያጠፋት ማን እንደሆነ አላህ ያውቃል፣ ሙና ታውቃለች። ዘይኑልአቢዲን አያውቅም፤ ከተማው ደግሞ የሚሰማው ከዘይኑልአቢዲን ነው። ሀፊዝ እጁን ኪሱ ከተተ። ቁልፉን አውጥቶ ለልጁ ሰጣት። የመግሪብ አዛን ይሰማ ጀመር። ሙና ቁልፉን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሀፊዝ ከልማዱ ቀድሞ ደረሰ። በሩ ተዘግቷል። ደጃፉ ላይ ከባቲ የመጣ አንድ ባለመኪና ቆሟል። መኪናው ውስጥ ቢጫዋ መብራት በርታለች፤ ከኮፈኑ ሥር ደግሞ ቆዳ የተለበጠ ክታብ ታስሯል።

«ልፍታው፣ ጋሽ ሀፊዝ? ሕግዎትን ሰምቻለሁ» አለ ሰውየው፤ እጁን ወደ ክታቡ እየሰደደ።

«ተው፣ እንዳለ ይሁን» አለ ሀፊዝ። «መጀመሪያ ከነእሱ ነው የምንነዳው። አቀበት ያለበት መንገድ ታውቃለህ?»

ሙና ቁልፏን እያንቀጫቀጨች ደረሰች። አባቷ የሰው መኪና ኮፈን ውስጥ ወገቡ ድረስ ጠልቆ፣ ከቤት ያመጣትን ካቻቢቴ ከጆሮው አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አገኘችው። በሩን ከፈተች። ዘይኑልአቢዲን በቃሉ መሠረት የገዛው ወንበር ከደጅ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አነሣችውና የመሣሪያ ሳጥኗን አስቀመጠችበት።

«አባ፣ ስልኬን ልሰካ?»

«ዝም በይ፣ እየሰማሁ ነው» አለ ሀፊዝ። ጥቂት ቆይቶ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ስኪው» አላት።