ጭጋግ ውስጥ የገረፍኩት ተማሪ

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ወርቅ አጠገብ በአንድ ቅኔ ቤት አስነጋሪ ነበርኩ። ሥራዬ ጀማሪዎችን ግስ ማስጠናት፣ ደመወዜ በሳምንት አንድ ቁና ገብስ ነው። ከዚያ ወዲህ ከውሻ ጋር እየታገልኩ ቁራሽ መለመን ቀረልኝ። መምህራችን የኔታ ወደ አርበኞቹ ሲሄዱ ደግሞ ወንበራቸውን ለእኔ ተዉልኝ።

አንድ የክረምት ጠዋት ጭጋጉ እስከ ደጃችን ገብቶ ተኝቷል። ተማሪዎቹ የበግ ቆዳ ደበሏቸውን ተከናንበው ያነበንባሉ፤ ድምፃቸው የሩቅ ወንዝ ይመስላል። እንደ የኔታ ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማ፣ እንቅልፍ ይሁን ጸሎት ያለየሁት ነገር ይዞኝ ሄደ።

ዓይኔን ስገልጥ የኔታን የሚፈልጉ ሁለት ባንዶች ፊቴ ቆመዋል። ሥራ ላይ ለመምሰል አጠገቤ የተቀመጠውን ተማሪ፣ "አንተ፣ ቀጥል" አልኩት። ጉንፋን በዘጋው ድምፅ ጀመረና ተሳሳተ። አስደገምኩት፤ አሁንም ተሳሳተ። ሦስተኛውን ግን ልቤ ባንዶቹ ላይ ስለነበር አልሰማሁትም፤ ዝም ብዬ "ደንቆሮ" አልኩና በአርጩሜ ጀርባውን ሾጥ አደረግሁት። ባንዶቹ እየሳቁ ሄዱ።

ኮቴያቸው ጭጋጉ ውስጥ ሲጠፋ ተማሪው ደበሎውን ከፊቱ ገለጠ። የኔታ ነበሩ።

እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

"ተነሥ፣ ልጄ። ድምፃችሁ ናፍቆኝ ነው የመጣሁ" አሉኝ ጀርባቸውን እያሹ። "መምታትህም ደግ ነው፤ አዳንከኝ። ሦስተኛ መሳሳት ግን አልሆነልኝም፤ አስተካክዬ ነበር ያልኩት።"