ኮምፒውተሬን ልብስ አለበሱት

ዛሬ ከጊንጪ ቀረጻ ወደ አምቦ ስመለስ ኮምፒውተሬ ልብስ ለብሶ ጠበቀኝ። ጠፍቷል፤ ቆርቆሮው እጅ ያቃጥላል።

ለጌምም ለቪዲዮ ኤዲቲንግም እንዲሆነኝ ስንት ወር አጥንቼ የመረጥኩት ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተር አንጎል፣ ነው ውስጡ ያለው። ኦቨርክሎክ አድርጌ ከፋብሪካ ፍጥነቱ በላይ እያስሮጥኩት፣ የሰርግ ቪዲዮ ኤክስፖርት እንዲያደርግ፣ ያለቀለትን ፋይል እንዲያወጣ፣ ትቼው ነበር የወጣሁት። ሙሽሮቹ ነገ ጠዋት ሊወስዱት ይመጣሉ።

ያለበሰችው ከእጃጂ ልትጠይቀን የመጣችው የአባቴ እህት ናት፤ አዳዳ ነው የምላት።

"አዳዳ፣ ምን አደረግሽው?"

"አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ሰፋሁለት።"

ወፍራም ጨርቅ፣ ዳር ዳሩ ዳንቴል። የእኔ ሸሚዝ እንኳ እንዲህ አምሮ ተሰፍቶ አያውቅም። መተንፈሻው በሙሉ ተደፍኗል።

ደሜ ፈላ። ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩባት። ጨርቋን አጣጥፋ ወደ ጓዳ ገባች።

አሁንም ተናድጃለሁ። ግን ፕሮሰሰሩ እንኳ ሲግል ራሱን አጥፍቷል፤ ማቆም ያቃተኝ እኔ ነኝ።

እናንተስ ቤት ምን ዕቃ ልብስ ተሰፍቶለት ተቃጠለ? ማንስ ላይ ጮሃችሁ?