የዶሊና ሻማ

ዶሊና ካቶሊክ ሆነች ተባለ። ወሬውን ያመጣችው ባለሱቋ ፔጊ ናት፤ በመስኮት አይታ ነው። በሰው መስኮት አጠገብ ሲያልፍ አንገቱ የማይዞር ሰው እንደሆነ መንደራችን ገና አልወለደችም። «ተንበርክካለች፣ ነጭ ሻማ ይዛለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል» አለች። እዚህ ሉዊስ ደሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ፕሮቴስታንቶች ቆመን ነው የምንጸልየው፤ ሻማም የምናበራው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው።

መንበርከኳ እውነት ነው። ሻማውም እውነት ነው፤ የተገዛውም ከራሷ ከፔጊ ሱቅ ነው። ጸሎት የተባለው ግን ስድብ ነበር፤ የተሰደበውም የዛገ ዳዶ።

ዶሊና የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት። የአባቷን ጀልባ ሞተር ስትፈታ አደገች፤ ግላስጎው ሄዳ አውቶቡስ ነዳች፤ እዚያው አገባች፤ ባሏን ትታ መፍቻዎቿን ይዛ ተመለሰች። «ከሁለቱ የሚሻለኝን ነው ያመጣሁት» ትላለች። የኛ አገር ነፋስ ጨው ያዘለ ነው፤ መኪና ይበላል። የፍሬን ቱቦ ዳዶ ዝጎ ከቱቦው ጋር አንድ አካል ይሆናል፤ በጉልበት ያዞረው ሰው ቱቦውን ጠምዝዞ ይበጥሰዋል። ዶሊና ግን ዳዶውን በእሳት አሙቃ ሻማ ታስነካዋለች፤ ሰሙ ቀልጦ በጥርሱ መሀል ይሰርግና ዝገቱን ያላላል።

አንድ ቅዳሜ የቶርሞድ መኪና ወደ ዶሊና ጋራዥ ተጎትታ መጣች። ቶርሞድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሳቃቸውን ለበዓል ያስቀምጣሉ፣ እኛ ደግሞ በዓል አናከብርም። ሚስታቸው ሙርዳግ፣ በከተማው መጦሪያ ቤት ናቸው፤ ሰው ሁሉ ተምታቶባቸው ከባላቸው እጅ በቀር አይጎርሱም። በሌላው ቀን ቶርሞድ በአውቶቡስ ይሄዳሉ። እሑድ አውቶቡስ የለም። ጎረቤትን አድርሰኝ ማለት ደግሞ በሰንበት የራስን ሸክም በሰው ትከሻ መጫን ነው ይላሉ።

የኋላው ፍሬን ዘይት ማሳለፊያ ላስቲክ ተሰንጥቆ ዘይቱ ፈሷል። አዲስ ላስቲክ አለ፤ አሮጌውን ከብረት ቱቦው ጋር ያያዘው ዳዶ ግን ንቅንቅ አልል አለ። ቱቦው ቢበጠስ ምትኩ የሚመጣው በመርከብ ነው፤ መርከቡን ነፋሱ አስቀርቶታል።

ቶርሞድ በሩ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስለ ሻማ የሰማሁት ነገር አለ፣ ዶሊና።»

«ደግ ሰሙ። በሉ ይምጡና ይያዙልኝ፤ ያለኝ ሁለት እጅ ነው።»

«እኔ? ሻማ?»

«እትዬ ሙርዳግ ነገ ምን ይብሉ?»

ሽማግሌው እያቃሰቱ ተንበረከኩ። እሷ ዘይቱን በደንብ ጠርጋ ዳዶውን አሞቀች፤ እሳቸው ሻማውን አስጠጉ። ጤሰ፣ ሰሙን ጠጣው። ከዚያ መፍቻውን አግብታ ወደ ማጥበቂያው ገፋችው።

«ኧረ ልጄ! የሚፈታው በወዲያ በኩል ነው!»

«መጀመሪያ ትንሽ ይጠብቃል። መስጠት የማይወድን ሰው ‹ያዘው፣ ያንተ ነው› ሲሉት ነው እጁ የሚላላው።»

«የቤተ ክርስቲያናችንን ገንዘብ ያዥ ታውቂዋለሽ ማለት ነው» አሉ ቶርሞድ። በዓል ሳይሆን ሳቁ።

ወደሚፈታበት በኩል መለሰችው። ቱቦው አብሮ መዞር ሲጀምር አቆመች፤ እንደገና እሳት፣ እንደገና ሰም፣ ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ። የቶርሞድ ከንፈር ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ጸሎት ይሁን ስድብ ዶሊናም አልጠየቀችም። ድንገት ዳዶው ሲጥ ብሎ ብቻውን ዞረ። ቱቦው ካለበት አልተነቃነቀም።

በዚያች ቅጽበት ፔጊ «ሻማ አለቀብሽ እንደሆነ ብዬ ነው» እያለች ብቅ አለች። ሽማግሌውን በጉልበታቸው፣ ሻማውን በእጃቸው አየች። ከመጣችበት በበለጠ ፍጥነት ተመለሰች።

እሑድ ሙርዳግ ሾርባቸውን ከባላቸው እጅ እስከ ሣህኑ ወለል ጨረሱ።

ሰኞ ጠዋት ዶሊና ሱቅ ስትገባ ሲያወራ የነበረው ሁሉ የሻይ ቅጠሉን መደርደሪያ እንደ አዲስ ነገር ያየው ጀመር። እሷ ጓንቷን አወለቀችና ባንኮኒው ላይ ተደገፈች።

«ፔጊ፣ ዛሬስ ሁለት እሽግ ሻማ ስጪኝ፤ ሁለት ሆነናል።»