አያ መኳንንትና የሳሎኑ ኮምፒውተር

ያኔ፣ ልጅ ሳለሁ፣ የከተማችን የገንዳ ውሃ ሙቀት ጀምበር ከጠለቀችም በኋላ ቤት ውስጥ አያስቀምጥም ነበርና እናቴ የጠፍር አልጋዎቹን ወደ ግቢ አውጥታ፣ መሬቱን ውሃ ረጭታ፣ እኛን ልጆቿን ለወንድሟ ለአያ መኳንንት አስረክባ ወደ ሥራዋ ትመለስ ነበር። አያ መኳንንት የሰሊጥ እርሻ ትራክተር ነጂ ነበሩ። ታጥበውም ቢሆን ናፍጣ ናፍጣ ይሸታሉ። ትንኙን ለማባረር የማሽላ አገዳ ያያይዙና ነበልባሉን አዳፍነው ጭሱን ወደ እኛ ይለቁታል፤ ፋኖሱን ግን በራሪ ነፍሳት ሁሉ ወደዚያ እንዲሄድላቸው ራቅ አድርገው ምሰሶው ላይ ይሰቅሉታል። ተረቱ የሚጀመረው በፍሙና በፋኖሱ መካከል ባለው ጨለማ ውስጥ ነበር።

የእሳቸው ተረት እንደ ሌላ ሰው ተረት ባንድ ምሽት አያልቅም። ጅብ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ሰሊጥ ለማጨድ የተቀጠረበት ተረት ለብቻው አንድ የአጨዳ ወቅት ጨርሷል። ታስሮ እንዲደርቅ የሚቆመውን ሰሊጥ እኛ ሂላ እንለዋለን፤ ጅቡ የገበሬውን አህያ «አንች ሂላውን ጠብቂ፣ እኔ ደግሞ አንችን እጠብቃለሁ» ይላታል። ልክ እዚያ ላይ አያ መኳንንት እጃቸውን ያጨበጭቡና «ኻላስ! የቀረው ለነገ» ይላሉ። ቃሉን የለመዱት ከድንበር ማዶ ከሚመጡት ሱዳናውያን ሾፌሮች ነው። አንዴ «ኻላስ» ካሉ ብናለቅስም ብንለምናቸውም ወይ ፍንክች።

በማግሥቱ አልጋቸው ላይ ተደላድለው ከተቀመጡ በኋላ ይጠይቁናል፦ «የት ላይ ቆመን ነበር?» ቦታውን በትክክል የተናገረ ልጅ አልጋቸው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ማንም ካላስታወሰ ግን ሳይቆጡ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ከመጀመሪያው ይጀምሩታል። ይህን ስለምንፈራ ወንድሜ ደሳለኝና እኔ ውሃ ልንቀዳ ስንሄድ እንኳ «ጅቡ ከሥር፣ አህያዋ ከሂላው አጠገብ» እያልን እንሸመድድ ነበር። ትምህርት ቤት እንዲህ ብናጠና ኖሮ የት በደረስን!

ባለፈው ዓመት አያ መኳንንት ጉሮሯቸውን ታመው ጎንደር ኦፕራሲዮን ሆኑና እዚሁ ገንዳ ውሃ እኔ ቤት መጥተው ተኙ። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሐኪሙ «አሁን ይናገሩ፤ ድምፅዎ የሚመለሰው በመናገር ነው» አላቸው። እሳቸው ግን የወጣላቸውን ሻካራ ድምፅ አንድ ጊዜ ሰሙትና አፋቸውን ዘጉ። ውሃ ሲፈልጉ በእጃቸው ያሳያሉ፤ ሲከፋቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ልጆቼ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ ቤታችን እንዳሉ እንጂ ተረት ነጋሪ እንደሆኑ አያውቁም። እንደዚሁ ዝም እንዳሉ እንዳይቀሩብኝ ፈራሁ፤ ፍርሃቱ እንቅልፍ ነሳኝ።

ደሳለኝ ከሕመሙ በፊት ተረቶቻቸውን በስልኩ ቀድቶ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧቸው ነበር። የገዛ ድምፃቸውን ቢሰሙ ለመናገር ይነሣሡ ይሆናል ብለን አሰብን። የእኔ ስልክ ድምፅ ግን በቬንትሌተሩ ይዋጣል። ደሳለኝ ከሚኖርበት ከጎንደር ደውሎ «ያን አሮጌ ኮምፒውተር ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝው» አለኝ። ገመዱን ገዝቼ አገናኘሁት። ጣጣው የመጣው ኢንተርኔት የሚከፍተውን ፕሮግራም፣ ብሮውዘር የሚሉትን፣ መምረጡ ላይ ነው።

አስቀድሞ ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ብሮውዘር ለሽማግሌው ኮምፒውተራችን ከበደው። በዚያ ላይ የቆላው ሙቀት ሲጨመርበት ማሽኑ እንደ ትራክተር ያጓራል፤ ተረቱም ይቆራረጣል። ቀጥዬ የጫንኩት ቀለል ያለ ነበር፤ ግን ፊደሉ ደቃቃ ሆኖ ልጆቹ ከምንጣፉ ላይ ሆነው የተረቶቹን ርዕስ ሊያነቡ አልቻሉም፤ ደግሞ በቅጂው ላይ አያ መኳንንት ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ ሳሙና የሚያስተዋውቅ ሰው ዘው ይላል። እንደገና ስንፈልግ ሰንብተን አንድ አገኘን። ፊደሉ ይጎላል፣ ማስታወቂያውን ያግዳል፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ የነበርንበትን ገጽ ራሱ መልሶ ይከፍታል። ደሳለኝ ሳቀና «እኛ አገር ለሚኖር ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?» አለኝ።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ልጆቼና የጎረቤታችን የባለሱቁ ልጅ ሰሚራ ምንጣፉ ላይ ተኮለኮሉ። የጅቡን ተረት ከፈትኩት። ያ የድሮው ሙሉ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። አያ መኳንንት ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ምነው ባልነካካሁት፣ ባሰባቸው እንዴ ብዬ ልዘጋው እጄን ስሰድ፣ ጅቡ አህያዋን «አንችን እጠብቃለሁ» እንዳላት መብራቱ ድርግም አለ።

ልጆቹ ጮኹ። ደግነቱ ብዙ ሳይቆይ መጣና ኮምፒውተሩን አስነሣሁት። ብሮውዘሩም ቃሉን አላጠፈም፤ ገጹን መልሶ ከፈተልን። ተረቱ ግን ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ይሄንማ ሰምተነዋል እኮ!» አሉ ልጆቼ።

«እትዬ፣ ወደ ፊት አሳልፊው» አለችኝ ሰሚራ።

የቱ ጋ እንደነበር ስፈልግ ከአልጋው በኩል የሻከረ፣ የተሰባበረ ድምፅ መጣ።

«የት ላይ ቆመን ነበር?»

እጄ በዚያው ቀረ። ልጆቹም ዞረው አፈጠጡባቸው። ከሁሉም ቀድማ የነቃችው ሰሚራ ናት። «አባባ፣ ጅቡ አህያዋን እጠብቅሻለሁ ሲላት!»

«እህ፣ ጎበዝ። ነይ እንግዲህ፣ እዚህ ጫፉ ላይ ተቀመጭ» አሉና አልጋውን መታ መታ አደረጉላት። ውሃ ተጎነጩ። «አህያዋማ ሞኝ አይደለች፤ ‹አንተ እኔን ስትጠብቅ አንተን ማን ይጠብቅልኛል?› አለችው…»

የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋሁትና ወደ ግቢ ወጣሁ። ደረቴ ላይ ተጭኖ የከረመው ነገር ተነሣልኝ፤ አለቀስኩ፣ ደግሞም ሳቅሁ። በመስኮቱ በኩል ድምፃቸው እየተሰበረ፣ እያረፈ፣ እንደገና እየተነሣ ይሰማኛል። በመጨረሻም ጭብጨባቸው፣ ተከትሎም የልጆቹ ልመና ተሰማኝ።

ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው በጥቂት በጥቂቱ እየጠራ ነው፤ እንደ ድሮው ባይሆንም ከቬንትሌተሩ በላይ ይሰማል። ሰሞኑን ደሳለኝ ደውሎ «ተረቱ የተቋረጠበትን ደቂቃ ሳይቀር የሚያስታውስ ዘዴ አግኝቻለሁ፤ ላስተካክልልሽ?» ሲለኝ «ተወው፣ ይሄው ይበቃናል» አልኩት። ያኔ ግቢያችን ውስጥ ተረቱን ለእሳቸው የምናስታውስላቸው እኛ ይመስለን ነበር፤ አሁን ሳስበው ለእኛው ብለው ኖሯል የሚጠይቁን። ኮምፒውተሩ ዛሬም ሳሎኑ ውስጥ አለ፣ መብራቱም ይሄዳል ይመጣል፤ ልጆቹ ግን መብራት ሲሄድ መጮኹን ትተው ወደ አልጋው ጫፍ ይሽቀዳደማሉ።