ለአሮጌ ኮምፒውተሮች የተሳለ ጃንጥላ

ዛሬ ጠዋት የከተማው መብራት ድንገት ጠፍቶ ጎረቤታችን ጄኔሬተሩን ሲያስነሳ፣ ያ የተቃጠለ ናፍጣ ሽታ በመስኮቴ ገብቶ አፍንጫዬ ላይ ቁጭ አለ፤ ደግሞ መምጫውን ሲያውቅበት! ከፊቴ ላፕቶፑ ላይ መልስ የሚጠብቅ መልእክት ተከፍቷል። ብዙ ሆነን፣ ያለ ደሞዝ፣ ከየአገሩ የምንሠራው አንድ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አለ፤ ሰው ኮምፒውተርን የሚያዝበት ቋንቋ። መልእክቱን የላከው አብሮን የሚሠራ፣ ባሕር ማዶ ያለ ጨዋ ወጣት ነው። ቋንቋው በድሮ ኮምፒውተሮች ላይ እንዲሠራ የሚያደርገውን ክፍል ላጥፋው ወይ ብሎ፣ የክፍሉ ኃላፊ እኔ ስለሆንኩ፣ ፈቃዴን ይጠይቃል፤ አዲሱ እትም ማምሻውን ስለሚዘጋ እስከዚያ ቁርጡን ልነግረው ይገባል። ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎታል፦ «የሚጠቀምበት የለም።» ደሜ ፈላ። ይህን ዓረፍተ ነገር አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ እዚሁ ጁባ፣ እዚሁ ኮሎሎ ሰፈር፣ እናቴ ሆቴል ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ስንታገለው ውለናል።

እናቴን ሰው ሁሉ እትዬ ዘነበች ነበር የሚላት። የሆቴሏን ጄኔሬተር እንደ ታናሽ ወንድሜ ነው የምታየው፤ እንዲያውም እኔ ሳስል ዝም ብላ እሱ ሲያስል የምትደነግጥበት ጊዜ ነበር። ወጥ እየቀመሰች በጆሮዋ ትከታተለዋለች፤ እኩለ ቀን ላይ ሲግል አጥፍታ ታሳርፈዋለች፤ «እሱም ነፍስ አለው» ትላለች፤ ከዚህ ሕግ ሚኒስትር ቢመጣ ንቅንቅ የለም።

የጓሮዋን ክፍል የተከራየው ጋትሉዋክ ይባላል፤ በስደት ኢትዮጵያ ያደገ ደቡብ ሱዳናዊ፣ በር ሁሉ የሚያስጎነብሰው ረጅም፣ አማርኛው ከእኔ የጠራ። ከሰዓት በኋላ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ጉምቦ በሚባል ሰፈር ያስተምራል፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሌላው ዓለም ጠግቦ በላካቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች። ሲመለስ ደግሞ አይቷቸው ከማያውቅ ሰዎች ጋር ይህንኑ ቋንቋ ይሠራል። ቋንቋው ግንባታው የማያልቅ ቤት ነው፤ ዛሬ መስኮት ይከፈትለታል፣ ነገ ግድግዳው ይፈርሳል። እኔንም ጥግ ካለው ጠረጴዛ አስቀምጦ አስተማረኝ። የመጀመሪያው ፕሮግራሜ «እንደምን አደርሽ እትዬ ዘነበች» የሚል ጽሑፍ ያወጣ ነበር፤ እናቴ ቀስ ብላ አነበበችና «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ለስክሪኑ መለሰችለት። ሳምንቱን ሙሉ ለደንበኛ ስታወራው ከረመች።

አንድ ቀን ጋትሉዋክ ፊቱን አጨፍግጎ ገባ። እነዚያ የሥራ ባልደረቦቹ ለድሮ ኮምፒውተሮች መልፋቱን እንተው፣ የሚጠቀም የለም ብለው ጽፈዋል። «እኛ የለንም ማለት ነው» አለኝ፤ ሲቆጣ ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ቢከራከር ቢከራከር ያገኘው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ አዲሱ እትም በድሮ ኮምፒውተር ላይ ስህተት የሚፈልጉትን ፈተናዎች ሁሉ ማለፉን እስከ ነገ ምሽት ካሳየ ይቆያል፣ ካላሳየ ይቆረጣል። ከተቆረጠ ጉምቦ ያሉት ልጆች የጀመሩትን ሁሉ ውሃ በላው።

በማግሥቱ ማለዳ ከጉምቦ አንዱን ኮምፒውተር እንደ ሕፃን ታቅፎ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር መጣ። ፈተናው በዚያ ቀርፋፋ ማሽን ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ መሐል ላይ መብራት ከተቋረጠ ደግሞ ከሀ ይጀመራል። በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ ናፍጣ ጠፍቷል፤ ጀሪካናችን ውስጥ የቀረችው ለቅዳሜው ኳስ የተቆጠበች ናት፤ ሆቴላችን ጢም ብሎ የሚሞላው ለኳስ ነዋ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ የጄኔሬተሩ ድምፅ ጎረነነ። እናቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ጋትሉዋክ ከወንበሩ ተነሣ፤ ያ ረጅም ሰው እንዴት እንዳነሰ!

«እትዬ፣ ዛሬን ብቻ አያሳርፉት» አላት።

«ሊቃጠል ነው እኮ! ማን ሌላ ሊገዛልኝ ነው?»

«ፈተና ላይ ነን። ከጠፋ እንደገና ነው።»

«ማነው ተፈታኙ?»

«ኮምፒውተሩ።»

«ድንቄም! ቢወድቅስ?»

«ጉምቦ ያሉት ልጆች አብረውት ይወድቃሉ።»

እናቴ ስክሪኑን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያ ወደ ጄኔሬተሩ ጆሮዋን ጣል አደረገች። ስለ ኮምፒውተር አታውቅ ይሆናል፤ የልጅ ፈተና ግን ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ የኛ አገር እናት ለልጇ ፈተና የማትሳለው ምን አለ? ቀና ብላ፣ «ገብርኤል አባቴ፣ ይህን አሮጌ ዕቃ አሳልፍልኝና ጃንጥላ አገባልሃለሁ» አለች። እኔ ሳቄን ዋጥኩ። ጋትሉዋክ ግን አልሳቀም፤ «አሜን» አለ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ከሰዓት አያልቅም ብዬ ነበር። እናቴ ማቀዝቀዣውን ነቀለች፣ ማራገቢያውን ነቀለች፣ ቴሌቪዥኑንም ነቀለች፤ በላብ የታጠበው ደንበኛ ለብ ያለ ቢራ ይዞ ሲያጉረመርም «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ቀዝቃዛ የፈለገ ጎረቤት ይሂድ» እያለች አፉን አስያዘችው። ራሷ ጄኔሬተሩ አጠገብ በርጩማ ስባ በካርቶን ቁራጭ ታራግበው ጀመር። ናፍጣውን የምጨምረው እኔ ነኝ፤ የጋለው ብረት ላይ ጠብ እንዳይልብኝ ጀሪካኑን በሁለት እጄ ይዤ ቀስ እያልኩ ነበር የማንቆረቁረው። ሽታው ጸጉሬ ውስጥ ገብቶ ሰነበተ። በየመሐሉ ጥላሸት የነካው ፊቷ በሩ ላይ ብቅ ይልና «ምን አለ?» ትለናለች፤ «እየሄደ ነው» እንላታለን፤ ትመለሳለች።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አንዱ ፈተና ቀጥ ብሎ ቆመ። አልወደቀም፣ አላለፈም፤ ስክሪኑ ዝም አለ። ጄኔሬተሩ ደግሞ የቀረችውን ናፍጣ እየላሰ ማሳል ጀመረ። ጋትሉዋክ ቁልፎቹን እንዳይነካ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ከቷል። እናቴ «ምን አለ?» አለች፤ ወደ ስክሪኑ ጠቆምኳት። ድንገት መስመሩ ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ ያለውም፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውም እየተከታተለ አልፎ አረንጓዴ ሆነ፤ እስከ መጨረሻው።

«ኸላስ!» ብሎ ጮኸ ጋትሉዋክ፤ አበቃ ማለቱ ነው። እናቴ እልልታዋን ስታቀልጠው ደንበኞቹም ምን እንደተወለደ ሳያውቁ ተቀበሏት።

ቅዳሜ ኳስ አላሳየንም። ደንበኛችን ጎረቤት ሄዶ ጨፈረ፤ እናቴም ይህን ዓመቱን ሙሉ ሳታነሣብን የዋለችበት ቀን የለም። ስለቷን ግን አላስቀረችም። በገብርኤል ዕለት ዘርፉ ወርቃማ የሆነ ቀይ ጃንጥላ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ቄሱ ስለ ምን እንደተሳለች ሲጠይቋት «ጉምቦ ያሉ ልጆቼ ፈተና አልፈውልኝ ነው» አለቻቸው። ያን ቀን የተረፈው ሥራ እስከ ዛሬ ቆየ። እኔ በልቤ የስለት ልጅ እለዋለሁ።

እንግዲህ ይጥፋ ወይ የተባልኩት ይህ ነው። እናቴ ካረፈች ሰንብታለች። ለጋትሉዋክ መደወል እየፈራሁ ቆይቼ ደወልኩለት፤ ዛሬም ጉምቦ ያስተምራል፣ በአዳዲስ ላፕቶፖች።

«ከነዚያ ከአሮጌዎቹ የሚሠራ ቀርቷል?» አልኩት።

«የመጨረሻው ዓምና ሞተ። አሁን በሩን ንፋስ እንዳይዘጋብን አስደግፈነዋል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ ገባው። «ልታጠፉት ነው አይደል?»

«አንተ አይጥፋ ካልክ እምቢ እላለሁ።»

«አጥፊው። ማሽኑ ከሌለ ለማን ይሠራል?» አለ፤ ቀጥሎም፣ «ምክንያቱን ምን ብለው ጻፉ?»

ነገርኩት። ያ የጥንቱ ድምፁ መጣ፤ ዝቅ ያለው። «ያን ምክንያት ግን እንዳትፈቅጂ» አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ መልእክቱ ተመለስኩ። ዛሬ እነዚያ ፈተናዎች አንድ ስኒ ሻይ እስክጠጣ ያልቃሉ፤ የሚያራግብላቸው አይፈልጉም፣ ቢወድቁም የሚሳልላቸው የለም። ጎረቤቴ ጄኔሬተሩን አጠፋ፤ መብራት ተመልሷል። የልጁን ዓረፍተ ነገር ሰረዝኩና በምትኩ «ይጠቀሙበት የነበሩት ልጆች አድገዋል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ፈቀድኩ፤ ያ ሁሉ የፕሮግራም መስመር በአንድ ጊዜ ጠፋ። ሳላስበው ወደ በሩ ዞርኩ፤ «ምን አለ?» የሚለኝ ግን አልነበረም።